የመርዶ ነጋሪው ደም

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙም ባልራቀ ወቅት፣ ድሮ ባቡር ያልፍባት በነበረች አንዲት የቆላ ከተማ አቶ ዘውገ የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። በጉልምስናቸው ባቡር ላይ ትኬት ይቆጣጠሩ ነበር፤ ከተማው የሚያውቃቸው ግን በሌላ ነገር ነው። መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ነበሩ። እገሌ ሩቅ አገር ሞተ የሚል ወሬ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው እርስ በርሱ ይተያይና "በሉ ጋሽ ዘውገን ጥሯቸው" ይላል።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ቀን ይሞክረውና ይንገረኝ። አቶ ዘውገ ለዚህ ሥራ ሕግ ነበራቸው። መርዶ ሲነጋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ሐዘንተኛው በቅጡ ሳያለቅስ ይመሽበታል። የቆመ ሰው አይረዳም፣ መጀመሪያ ይቀመጣል። ሆዱ ባዶ የሆነም አይረዳም፤ ስለዚህ ዋዜማውን ሰው ልከው "እራቷን በልታለች?" ብለው ያስጠይቃሉ። የልብ ሕመም ያለበት ከሆነ መድኃኒቱን መዋጡን ያረጋግጣሉ። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ዘመድ አዝማዱን አስከትለው ይገባሉ፣ አንድ ጠንካራ ሰው ከሐዘንተኛው ጀርባ ያቆማሉ፣ ነገር ሳያዞሩ የሟቹን ስም ይጠራሉ። ስሙን ከጠሩ በኋላ ሌላ ቃል አይጨምሩም፤ እጁን ይይዙታል።

የሰፈሩ ሰው ይወዳቸው ነበር፤ ይፈራቸውም ነበር። ማለዳ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ በራቸው ላይ የቆሙ ሴቶች አልፈዋቸው እስኪሄዱ ድረስ ፊታቸው ይጠቁራል። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ከሩቁ "ዳቦ ነው፣ ዳቦ ነው" እያሉ ይሄዱ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ማን ያረዳዋል? ጨዋታችን እዚህ ላይ ነው።

ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ሦስቱ ካንድ ማህፀን የወጡ አይመስሉም። ትልቁ ገዛኸኝ መምህር ነው። ምስጢር አንዴ ሆዱ ከገባ የሚወጣበት በር የለም፤ በልጅነቱ ክንዱን ሰብሮ ሁለት ቀን ለማንም ሳይናገር ትምህርት ቤት የሄደ ሰው ነው። መካከለኛዋ ስንዱ ልብስ ሰፊ ናት። መዋሸት አትችልም፤ የሰፋችው ቀሚስ ራሱ ካላማረባችሁ ፊት ለፊት ትነግራችኋለች፤ ደንበኛ የማይበረክትላትም በዚሁ ነው። ትንሹ ይድነቃቸው አይሱዙ ይነዳል። እሱ ደግሞ አንድ ነገር ካሰበ አያሳድርም። ይነሳል፣ ያደርጋል፣ ከዚያ በኋላ ያስባል።

ነገሩ የጀመረው በጉልበት ነው። አቶ ዘውገ ደረጃ ሲወጡ ቀኝ ጉልበታቸውን ይነዝራቸው ነበር። ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ እየገዙ ሲውጡ ከረሙ፤ ገዛኸኝ ይህን አይቶ ክሊኒክ ወሰዳቸው። እዚያ ደማቸውን ቀዱና በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አቆሙት። አቶ ዘውገ ወንበራቸው ላይ ሆነው በመስኮቱ ያዩት ነበር። ከጎን የቆመው የሌላ ሰው ደም ካለበት እምብዛም አልተነቃነቀም፤ የእሳቸው ግን ቀዩ ወደ ታች እየሸሸ ከላይ ቢጫ ውሃ ተወ።

"ምነው የኔ ቸኮለ?" ብለው ጠየቁ።

"ብግነት ካለ እንዲህ ያደርጋል አባቴ" አላቸው ባለሙያው። "ሰውነት ውስጥ የተቆጣ ነገር ሲኖር ደሙ ፈጥኖ ይወርዳል። የቱ ጋ እንደተቆጣ ግን አይናገርም።"

መጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ ደረታቸው ፎቶ ተነሳ፤ ደረታቸው ንጹሕ ነው። ቀጥሎ ሪህ ነው ተባለ። ሌላ የብግነት ምርመራ ተጨመረ፤ እሱ ደግሞ ከፍ ቢልም ያን ያህል አልነበረም። አንዱ ምልክት እየጮኸ ሌላው ሲያንሾካሹክ የክሊኒኩ ሐኪም ደስ አላለውምና ወደ አዲስ አበባ ላካቸው። አዲስ አበባ ደግሞ ብዙ ደም ተቀዳ፣ ከዳሌያቸው አጥንት ውስጥ በመርፌ መቅኒ ተወሰደ። አቶ ዘውገ ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት። ሪህ እንዲህ አጥንት ድረስ የሚያስቆፍር መሆኑን አላውቅም ነበር ብለው ለገዛኸኝ ቀለዱበት።

ውጤቱ በወጣ ቀን ገዛኸኝ አባቱን ሻይ ቤት አስቀምጦ ብቻውን ገባ። ሐኪሟ ዶክተር ፋኖስ ትባላለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ የምትናገረውን ደጋግማ የምታስብ ሴት ናት።

"መቅኒ ውስጥ ያሉ አንድ ዓይነት ሴሎች ካለልክ መብዛት ጀምረዋል" አለችው። "አንድ ፕሮቲን ወደ ደም ያፈሳሉ። ቀያዮቹ የደም ሴሎች በሱ ምክንያት እየተደራረቡ ስለሚከብዱ ነው ደማቸው ቶሎ የሚወርደው። መልቲፕል ማይሎማ ይባላል፤ የመቅኒ ካንሰር ነው። ግን ገና ጅምር ላይ ነው። አጥንታቸው ደህና ነው፣ ኩላሊታቸው ደህና ነው።"

"መድኃኒቱስ?"

"በዚህ ደረጃ ላይ እሳቸውን ለመሰለ ሰው አንጀምርም። በየሦስት ወሩ ደማቸውን እያየን እንጠብቃለን።"

"ምኑን ነው የምንጠብቀው?"

ዶክተር ፋኖስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አንዳንድ ሰው ብዙ ዓመት እንዲሁ ይኖራል። አንዳንዱ ላይ ቶሎ ይነሳል። የእሳቸው የብግነት ምልክቶች ከፍ ብለዋል፤ ይህ ቶሎ ይነሳል ማለት ይሁን አይሁን ገና እየተጠና ነው። ባውቅ እነግርዎት ነበር። የጉልበቱን ማስታገሻ ግን ዛሬውኑ ያቁሙ፣ ኩላሊት ይጎዳል። እሳቸውም ይህን ማወቅ አለባቸው።"

"እኔ እነግራቸዋለሁ" አለ ገዛኸኝ። "ጊዜ ይስጡኝ።"

"እስከሚቀጥለው ቀጠሮ" አለችው። ሻይ ቤት ተመልሶ ለአባቱ ያው ሪህ ነው፣ በሦስት ወር ተመለሱ ተባለ አላቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሦስቱ ልጆች አንድ ኬክ ቤት ተገናኙና ገዛኸኝ የሐኪሟን ቃል ነገራቸው። ያዘዙት ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ደረቀ።

"ለአባባ አይነገርም" አለ ገዛኸኝ።

"ለምን?" አለች ስንዱ።

"ምን ሊያደርጉበት? የሚዋጥ መድኃኒት የለ፣ የሚያድን መርፌ የለ። ሄደን የምንሰጣቸው ፍርሃት ብቻ ነው።"

"ደሙ የሳቸው ነው ገዛኸኝ።"

"አፈር ስሆን ስንዱ። እስከ ቀጠሮው ብቻ።"

ስንዱ እንባዋን በመሐረብ ጠረገች። "እሺ። ራሴ አልናገርም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም፤ ታውቀኛለህ።"

"እንግዲያው አባባ ቤት አትምጪ" አላት።

ይድነቃቸው ከሁለቱ ማን ልክ እንደሆነ አላወቀም፣ እውነቱን ለመናገር እኛም አናውቅም።

አሁን ልጆቹ የሠሩትን ስህተት ስሙ። አባታቸው መርዶን ከሩቅ እንደሚያሸቱ ስለሚያውቁ መርዶ የሚመስለውን ነገር ሁሉ ሸሹ። ማለዳ መምጣት ተዉ፣ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። አንድ ላይ አይመጡም፣ በየተራ ነው። ጥቁር የሚባል ልብስ ቤት ቀረ፤ ገዛኸኝ ጭራሽ ብርቱካናማ ሸሚዝ ገዛ። አይንሾካሾኩም፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርገው ሳቅ ይስቃሉ። አቶ ዘውገ ይህን ሁሉ ከወንበራቸው ላይ ሆነው ተመለከቱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መርዶ ሲያደራጁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰው መርዶ ሲደብቅ ምን እንደሚመስል ከነሱ በላይ ያውቃሉ። ስንዱ ቀርታለች። ትልቁ ልጅ ከወትሮው ይልቅ ጣፍጧል። ትንሹ ዓይን ለዓይን አያይም። ሰው ሞቷል ማለት ነው።

ማን ሊሆን ይችላል? ልጆቻቸው አሉ። የሚቀራቸው አንድ ወንድማቸው ሽብሩ ነው። አቶ ሽብሩ ከጂንካ ወዲያ፣ ስልክ ለማግኘት ኮረብታ መውጣት የሚያስፈልግበት ቀበሌ፣ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ዝንጅብል እያለሙ ይኖራሉ። አቶ ዘውገ ደወሉ፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አልቻሉም የምትለዋ ሴትዮ መለሰችላቸው። ደጋግመው ደወሉ፣ ደጋግማ መለሰች። ልጆቹን መጠየቅ ደግሞ አልሆነላቸውም። መርዶ አይጎረጎርም፣ እስኪመጣ ይጠበቃል ብለው ለስንቱ ሰው ሲመክሩ ኖረዋል።

ስለዚህ ተዘጋጁ። በየምሽቱ ባይርባቸውም እራታቸውን ጨርሰው ይበላሉ። በየማለዳው ተነስተው ይለብሱና ወደ በሩ ዞረው ይቀመጣሉ፣ ልጆቹ ሲመጡ እንዳይቸገሩ። ማንም አይመጣም። ፀሐይ ወጥታ ግድግዳው ላይ ስትደርስ ጃኬታቸውን አውልቀው ይተኛሉ። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ሆኑ። ጉልበታቸውም ብሶባቸዋል፤ ክኒኑ ምነው ኃይሉ ቀነሰ ይላሉ። ገዛኸኝ ዳይክሎፌናኩን አውጥቶ በዚያው ብልቃጥ ፓራሲታሞል እንደሞላበት ልጆቹ እንጂ እሳቸው አያውቁም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥታቸው አለቀ። ገዛኸኝ ብርቱካናማውን ሸሚዝ ለብሶ ስለ ኳስ ያወራል። እጁን ያዙት።

"ሽብሩ ነው፣ አይደል?" አሉት።

ገዛኸኝ አንድ ቃል ቢናገር ወይ ውሸት ነው ወይ ሌላውን እውነት የሚያስከትል ነው። አንገቱን ደፋ።

አቶ ዘውገ፣ ሰው ይገርማል፣ ልጃቸውን ያጽናኑት ጀመር። "አይዞህ። ከባድ ነው። እኔም የመጀመሪያ ቀን ምላሴ ተሳስሮ ነበር" አሉትና ትከሻው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ገዛኸኝ በዚያች ሰዓት አፉን ሊከፍት ፈልጎ ነበር። አልቻለም። የአባቱ እንባ አንገቱ ላይ ሲወርድ ከሽብሩ ለቅሶ የሚብሰውን ለቅሶ እንዴት አድርጎ እንደሚሰጣቸው ጠፋው።

በነጋታው ድንኳን ተተከለ። ዕድርተኛው መጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ሰው አለቀሰ። ገዛኸኝ ሁሉን ነገር ቆሞ አየው። ኋላ ላይ እንደተናገረው እንዲህ ብሎ ነው ራሱን ያጽናናው፦ አባቴ አልቅሰው እንቅልፍ አገኙ፤ አጎቴ አንድ ቀን ሲደውሉ ወሬው ሐሰት ነበር ይባላል፣ ደስታ ይሆናል፤ የመቅኒውን ነገር ግን ማንም ሐሰት ነው ሊላቸው አይችልም።

ይድነቃቸው ከመተሐራ ሽንኩርት ጭኖ ሲመለስ በአባቱ ደጅ ድንኳን አየ። ከመኪናው ዘሎ ወረደ፤ አባቴ ሞቱ ብሎ ነበር። የማን ለቅሶ እንደሆነ ሲነገረው ገዛኸኝን ጓሮ ወስዶ አፈጠጠበት።

"ጋሼ ሽብሩ መቼ ሞቱ?"

"አልሞቱም" አለ ገዛኸኝ።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?"

ገዛኸኝ ነገረው። ይድነቃቸው አልተከራከረም። በቁሙ ላለ ሰው አይለቀስም ብሎ ሽንኩርቱን እንኳ ሳያራግፍ መኪናውን አዙሮ ወደ ጂንካ ነዳ። አጎቱ ዘንድ ሲደርስም የነገራቸው "ወንድምዎ በጣም ናፈቀኝ ይላሉ" የሚል ብቻ ነበር። አቶ ሽብሩ አርጅተዋል፣ ወገባቸው ተጎድቷል፣ መንገዱ ያነጥራል። ናፈቅከኝ ያለን ወንድም ግን ማን እምቢ ይላል?

ከዕድሩ ሰዎች ገሚሱ ሳምንቱን ለማሰብ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ሳለ የበሰበሰ ሽንኩርት የሚሸት አይሱዙ ደጁ ላይ ቆመ። አቶ ሽብሩ በይድነቃቸው ተደግፈው ወረዱ። ግቢ ሙሉ ሐዘንተኛ፣ ነጠላ የለበሰ ሰው ሲያዩ የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ወንድሜን! ሳላየው! ዘውገ!" እያሉ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ከአግዳሚው ላይ አቶ ዘውገ ተነሱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ለሌላው እያለቀሱ መሐል ግቢ ላይ ተገናኙ። አንዲት ሴትዮ የያዙትን ሳህን ለቀቁት። ሰው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ከዚያ እልል ተባለ። አቶ ዘውገ የወንድማቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ጢሙን፣ ጆሮውን፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ዳሰሱ። እንዲህ ያለ ደስታ አይተው አያውቁም ነበር።

ደስታው ብዙ አልቆየም። እጃቸው ቀስ እያለ ወረደ። ዞር ብለው ልጆቻቸውን አዩ። ስንዱም የአጎቷን ለቅሶ ሰምታ፣ ሐሰት መሆኑን ይድነቃቸው ደውሎ ነግሯት፣ ከዚህ በላይ መቅረት አቅቷት ያን ዕለት መጥታለች። ገዛኸኝ አለ። ይድነቃቸው አለ። ወንድማቸው አለ።

"ሽብሩ ካልሆነ" አሉ፣ "የደበቃችሁኝ ማንን ነው?"

ገዛኸኝ "አባባ፣ ግቡና እንነጋገር" አለ። እሳቸው ግን ስንዱን አዩ። ከሦስቱ ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

"ስንዱ፣ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት አባባ" አለች።

ቆመው ነበር። ከሰዓት በኋላ ነበር። ከጀርባቸው ማንም አልነበረም፤ ከፊታቸው ደግሞ ግማሽ ዕድር ተቀምጧል። ስንዱ አንዴ ከጀመረች መቆም አልቻለችም፤ የመቅኒውን ነገር፣ የብግነቱን፣ በየሦስት ወሩ የሚታየውን፣ መድኃኒት ገና አለመጀመሩን፣ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ክኒን መለወጡን ሳይቀር እያለቀሰች ነገረቻቸው። አቶ ዘውገ ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

"ከሰዓት በኋላ ነው እኮ ስንዱ" አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላሳጥረው። ዕድርተኛው አንድ በአንድ ወጣ። ልጆቹ ሳሎን ውስጥ ተፋጠጡ፤ ሦስቱም የተናገሩትን እንደሰማሁት እነግራችኋለሁ፣ ለማንም ሳላዳላ።

ገዛኸኝ እንዲህ አለ፦ "እኔ ሁለት ወር ሰጠኋቸው። ሳይፈሩ በሉ፣ ሳይፈሩ ሄዱ። ኩላሊታቸውን የሚጎዳውን ክኒን አስቀርቻለሁ። ቀጣዩን የደም ምርመራ በሪህ ስም አስይዣለሁ። የቀረ ነገር ካለ ንገሩኝ። ሸክሙን ለብቻዬ ተሸክሜ ነበር፤ እናንተ መጣችሁና በሳቸው ላይ ጣላችሁት።" ይህ እውነት ነው። በማለዳ ለብሰው ወደ በሩ ዞረው የተቀመጡትም፣ በጉልበታቸው ሕመም ያደሩትም፣ ለሕያው ወንድማቸው ያለቀሱትም በዚያው ሁለት ወር ውስጥ ነው።

ይድነቃቸው እንዲህ አለ፦ "አንተም ስትደብቅ፣ እሷም ስትናገር፣ ለአባባ አንድ ነገር ያመጣ አለ? እኔ ወንድማቸውን አመጣሁ። ይሄ በሽታ ነገ ይነሳ ከነገ ወዲያ የሚያውቅ የለም። ተቃቅፈው አይታችኋቸዋል።" ይህም እውነት ነው። አቶ ሽብሩ ግን ከዚያ መንገድ በኋላ ወገባቸው ይዟቸው አልጋ ላይ ዋሉ፤ መደበቂያውንም ያፈረሰው ራሱ ይድነቃቸው ነው፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሳያስብ።

ስንዱ እንዲህ አለች፦ "ጠየቁኝ። ሌላ ምን ልበል? ስንት ሰው እጁን ይዘው እውነቱን የነገሩ ሰው ናቸው። ለሳቸው ሲሆን ውሸት?" ይህን ማን ይክዳል? አባቷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም። የሚዋጥ ነገር ቢኖር በዋጡት፣ የሚደረግ ነገር ቢኖር ባደረጉት። ያለው ማወቅ ብቻ ነው፤ ማወቁ ደግሞ ጎናቸው ላይ ተኝቶ አብሯቸው ያድራል።

አቶ ዘውገ ተለወጡ። ወገባቸውን በቆረጠማቸው ቁጥር መጣ ይላሉ። ሲደክማቸው መጣ ይላሉ። ዕድሩ አንድ ማለዳ ለአንዲት እናት መርዶ ይዞ ቢጠራቸው እስከ በሯ ሄደው ከደጅ ተመለሱ፤ እጇን ምን ብዬ እይዛለሁ አሉ። አልቅሰው እንኳ አይወጣላቸውም፤ ሰው ለሞተ ያለቅሳል እንጂ ይሞት ይሆናል ለተባለ እንዴት እንደሚለቀስ አያውቁም። አቅም የሚያሳጣው ይህ ነው። ጠላቱ ደማቸው ውስጥ ተቀምጧል፣ ስሙ ታውቋል፣ መምጫው አልታወቀም፤ የሚደረገው ሁሉ ቱቦ ውስጥ ደም አቁሞ ሲወርድ ማየት ነው።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ደማቸውን ሰጡና ዶክተር ፋኖስን አንድ ነገር ለመኗት።

"ልጄ፣ እኔ ውጤቱን አልሰማም" አሏት። "ከልጆቼ አንዱን ብቻ አስገቢ። ሦስቱ ከሰሙ ቤቴ ገበያ ይሆናል። አንዱ ይስማ። ከዚያ ወዲያ እንደ ጠባዩ ያድርገኝ፤ እኔም ሁለተኛ ምንም አልጠይቀውም።"

"ለዘለቄታው ነው አባቴ?" አለች።

"እስክሞት" አሉ።

ሐኪሟ መብታቸው ነውና እሺ አለች። አቶ ዘውገ ወደ ኮሪደሩ ተመልሰው ከልጆቻቸው መሐል ተቀመጡና ያሰቡትን ነገሯቸው። ማንን እንደመረጡ ግን አልተናገሩም፤ ገና አልመረጡምና።

አንድ በአንድ አሰቡባቸው። ገዛኸኝ ቢገባ ሰላም ይኖራቸዋል፤ ግን በልጃቸው ፊት ላይ የሚያዩት ሳቅ ሁሉ፣ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ክኒን ሁሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚታመን አይሆንም። ስንዱ ብትገባ ነገሩ የመጣ ዕለት ያውቁታል፤ ግን አንዲት ቁጥር ከፍ ባለች ቁጥር፣ ሐኪሟ ራሷ ትርጉሙን በማታውቀው ምልክት ሁሉ፣ እሳቸው ደጋግመው ይሞታሉ። ይድነቃቸው ቢገባ ምን እንደሚሰማ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ ነው የሚያስፈራው፤ ተነስቶ አንድ ነገር ያመጣላቸዋል፣ ደስታም ሊሆን ይችላል፣ መዓትም ሊሆን ይችላል፣ እሱም አስቀድሞ አያውቀውም። ሦስቱም ይወዷቸዋል። ሦስቱም በዚያ ፍቅር ጎድተዋቸዋል። ይህን እያወቁ መቆጣት እንኳ አልሆነላቸውም።

የክፍሉ በር ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች።

"የአቶ ዘውገ አስታማሚ ማነው? አንድ ሰው ብቻ ይግባ።"

ሦስቱም ተነሱ። ማንም እርምጃ አላነሳም፤ ሦስቱም ወደ አባታቸው ዞሩ። ገዛኸኝ በዓይኑ ይለምናል፣ ስንዱ ከንፈሯን ነክሳለች፣ ይድነቃቸው እጁን ኪሱ ከቶ ጫማውን ያያል። አቶ ዘውገ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ነርሷ በሩን በትከሻዋ ደግፋ ትጠብቃለች። ከኋላዋ ሌላ በሽተኛ ተራው ደርሷል።

ገና አልተናገሩም። ስለዚህ እኔም የማውቀው እዚህ ድረስ ነው፤ የቀረው የእናንተ ነው። አባት ብትሆኑ ራሳችሁን በዚያ አግዳሚ ላይ አስቀምጡ፤ ልጅ ብትሆኑም ከሦስቱ አንዱን ሁኑ፣ ከዚያ ተከራከሩ። ወንድሜ ቢሆን ብላችሁ አታዳሉ፣ እኔ ብሆን ብላችሁም አትፍሩ። ከሚደብቀው፣ ከምትናገረውና ተነስቶ ከሚያደርገው፣ የአቶ ዘውገን ደም ነገር ብቻውን ሰምቶ የቀረ ዕድሜያቸውን በእጁ ሊይዝ የተገባው የትኛው ነው?